በፈቃድ መታዘዝ፦ ከቤርሼቫ የተጻፈ ማስታወሻ

እሑድ፣ ኖቬምበር 2፣ 2025

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለምክር የመጡት ባልና ሚስት ሁለቱም ከሠላሳ ዓመት በላይ ናቸው። እዚሁ እስራኤል የተወለዱ፣ ወላጆቻቸው ከጎንደር አካባቢ የመጡ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ብዙውን ነገር ትቼ ጥያቄያቸውን ብቻ እጽፋለሁ። ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ነው።

ግማሹን በዕብራይስጥ፣ ግማሹን በአማርኛ አድርገው አወሩኝ። በመካከላቸው ስምምነት አለ። በተወሰኑ ሰዓቶች እሷ ታዛለች፣ እሱ ይታዘዛል። ደንቦቹን አብረው ተቀምጠው ጽፈዋል። ደንቡን ሲፈጽም ታመሰግነዋለች፤ ሲያጓድል አስቀድመው የተስማሙበት ቅጣት አለ። ሁለቱም ወደውት፣ ፈልገውት ነው። እሱ በእነዚያ ሰዓቶች የቀኑ ሸክም ከትከሻው እንደሚወርድለት ነገረኝ፤ እሷ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የታመነችበት ቦታ ይህ ብቻ እንደሆነ።

«በሽታ ነው ወይ?» አላሉኝም። የጠየቁኝ ከዚያ የከበደ ነው። እሷ ናት ያነሣችው፦ «የምወደውን ሰው አሠልጥናለሁ ብዬ ሳላውቀው ልሰብረው እችላለሁ? በምን አውቃለሁ?» 

በእኛ፣ በኢትዮጵያውያን አይሁድ ማኅበረሰብ፣ የባልና ሚስት ነገር ሲከር የሚኬደው ወደ ሽማግሌ ነው። ሽማግሎቻችን ብዙ ትዳር ከመፍረስ አድነዋል። ይህን ጥያቄ ግን በሽማግሌ ፊት የሚያነሣ የለም፤ ለጓደኛም አይነገርም። ስለዚህ ሰው ጉዳዩን ብቻውን ይዞት ይኖራል፣ የሚማረውም ከፊልም ነው። ፊልም ደግሞ ትእዛዙን እንጂ ከትእዛዙ በፊት የነበረውን ረጅም ንግግር አያሳይም። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንብቤ፣ አስቤ እንደምመልስላቸው ቃል ገባሁ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ሙያችን ለእነዚህ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ፍትሐዊ አልነበረም። በኦስትሪያ ይሠራ የነበረው ሐኪም ክራፍት ኤቢንግ በ1886 ባሳተመው መጽሐፍ ከበሽታ ተርታ ካስቀመጣቸው ወዲህ፣ ማዘዝን ወይም መታዘዝን የሚወድ ሰው ከመቶ ዓመት በላይ ሕመምተኛ ሲባል ኖሯል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው አምስተኛ መመሪያው መስመር አሰመረ፤ ዝንባሌው ብቻውን ሕመም አይደለም፣ ሕመም የሚሆነው ባለቤቱን ሲያስጨንቀው፣ ኑሮውን ሲያውክበት ወይም ባልፈቀደ ሰው ላይ ሲፈጸም ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 አጽድቆ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር፣ በአዋቂዎች ስምምነት የሚደረገውን ከሕመም መዝገብ አወጣው።

በ2013 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናትም አለ። ቪስማይየርና ፋን አሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እንዲህ ባለ ግንኙነት የሚኖሩ 902 ሰዎችን ከ434 ሌሎች ጋር አነጻጸሩ። የመጀመሪያዎቹ የባሱ ሆነው አልተገኙም፤ እንዲያውም በአማካይ ጭንቀታቸው ዝቅ ያለ፣ ደኅንነታቸው ከፍ ያለ ነበር። መልስ የሰጡት ፈቃደኞች ስለሆኑ ሁሉንም ይወክላሉ አይባልም። ቢሆንም «እንዲህ ያለ ሰው የግድ የተጎዳ ነው» የሚለውን የቆየ ግምት መሠረት ያሳጣዋል።

እኔን የያዘኝ ግን የአሠራራቸው ሥርዓት ነው። ልምዱ ያላቸው ሰዎች አስቀድመው ይነጋገራሉ፦ ምን ይፈቀዳል፣ ምን አይፈቀድም፣ የትኛው አካል፣ የትኛው ቃል፣ የትኛው ትዝታ አይነካም። የማቆሚያ ቃል ይመርጣሉ፤ ብዙዎቹ የትራፊክ መብራት ቀለሞችን ይጠቀማሉ። አረንጓዴ ቀጥል፣ ቢጫ ቀስ በል፣ ቀይ አቁም። ሲጨርሱ ደግሞ ወዲያው አይለያዩም፤ ውሃ ይጠጣሉ፣ ይተቃቀፋሉ፣ ምን እንደተሰማቸው ይነጋገራሉ።

ይህን ሳነብ ስታንሊ ሚልግራም በ1961 በዬል ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ሙከራ ትዝ አለኝ። በመጀመሪያው ዙር ከ40 ሰዎች 26ቱ በሌላ ሰው ላይ እስከ መጨረሻው መጠን ኤሌክትሪክ የለቀቁ መስሏቸው ማብሪያውን ተጭነዋል። አንዱ «ይብቃኝ» ሲል የላቦራቶሪ ጋውን የለበሰው አዛዥ «ሙከራው እንድትቀጥል ይጠይቃል» ይለው ነበር። የዚያ ክፍል አደጋ ያለው እዚህች ላይ ነው፤ «ይብቃኝ» ተብሏል፣ የሚሰማው ግን አልተገኘም። በስምምነት የሚታዘዝ ሰው ቤት ውስጥ ግን ከሁሉ በላይ የሚከበረው ትእዛዝ የታዛዡ «አቁሚ» ነው። ሁለቱም መታዘዝ ይባላሉ፤ ሥራቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ማታ አክስቴ ዘንድ ቡና ጠጣሁ። በ1984 እስከ ሱዳን በእግር ተጉዘው፣ ከዚያም በሙሴ ዘመቻ ወደ እስራኤል ከገቡት አንዷ ናቸው። ስለ ባልና ሚስቱ አልነገርኳቸውም። ስለ ራሳቸው ትዳር ጠየቅኳቸው።

«አክስቴ፣ ሲያገቡ ፈቃድዎን የጠየቀ ነበር?»

«እኔን ማን ይጠይቀኛል ልጄ? የተጠየቀው አባቴ፣ እሺ ያለውም አባቴ። እኔ በበቅሎ ተጭኜ ሄድኩ።»

«ታዲያ ይታዘዙት ነበር?»

ሁለተኛውን ጀበና ጣዱና ጥቂት ዝም አሉ። «እጄ ታዝዟል» አሉኝ። «እንጀራውን ጋግሯል፣ እግሩን አጥቧል። ልቤን ግን አንድ ቀን አዞት አያውቅም። ሊያዘውም አልጠየቀኝም፤ ያለኝ አይመስለውም ነበር።»

በዚያ ዘመን ሕጉም ከባልየው ጋር ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ635ኛው አንቀጽ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ፣ ሚስት ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያስገድድ ነበር። ይህ የተሻረው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ቤተሰቡን በእኩልነት ይምሩ ተባለ። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግን አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም «ከጋብቻ ውጭ» የሚለውን አልተወም። እዚህ አገር የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባል ሚስቱን ቢደፍር ወንጀለኛ ነው ብሎ የወሰነው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ነው፤ ለውሳኔውም የአይሁድን ሕግ ዋቢ አድርጓል።

አክስቴ እዚህ ሲደርሱ ነገሩ ተገለበጠ። የልጆች አበል ከቢቱዋህ ሌኡሚ (ከብሔራዊ መድን ተቋሙ) በእናትየዋ ስም መግባት ጀመረ። ሴቶቹ ሥራ ያዙ፣ ቋንቋውን ለመዱ። በአገሩ ሲታዘዝለት የኖረ ወንድ አንድ ቀን እጁ ባዶ ሆነ። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ በባሎቻቸው እጅ የሞቱት የማኅበረሰባችን ሴቶች ቁጥር ከሕዝባችን ብዛት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከፍ ያለ እንደነበረ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ስደቱ፣ ድህነቱ፣ የሽማግሌው ሥልጣን መላላት። እኔ የምጨምረው አንድ ነው። ያ መታዘዝ ተለምኖ የተገኘ አልነበረም። እንደ መሬት፣ እንደ ከብት በእጅ ያለ ንብረት ተደርጎ ነበር የሚታየው። ሲቋረጥ እንደ ተዘረፈ ሰው ተቆጣ። የተሰጠው ነገር እንደነበረ ቢያውቅ ኖሮ፣ ሰጪዋ ልትተወው እንደምትችልም ባወቀ ነበር።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

ቀኑን በቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ፣ በአራን ቤተ መጻሕፍት አሳለፍኩ። ለጥንዶቹ ጥያቄ ቅርብ የሆነውን መልስ ያገኘሁት እዚሁ ቤርሼቫ ውስጥ ከተሠራ ሥራ መሆኑ ደስ አሰኝቶኛል።

አቪ አሶርና ጋይ ሮት፣ ሁለቱም የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከአሜሪካዊው ኤድዋርድ ዴሲ ጋር በ2004 አንድ ጥናት አሳተሙ። የተመለከቱት በቅድመ ሁኔታ የታሰረ ፍቅርን ነው፤ ልጁ የተፈለገውን ሲያደርግ ፍቅር የሚጨመርለት፣ ሲያጓድል የሚቀነስበት። ዘዴው ይሠራል፤ ልጆቹ የተፈለገውን ያደርጋሉ። የሚያደርጉት ግን ወደውት ሳይሆን ከውስጥ እየተገፉ ነው። ሲሳካላቸው ደስታው ወዲያው ይጠፋል፣ ሳይሳካ ኀፍረቱና ጸጸቱ ይቆያል፣ ለወላጆቻቸውም ቂም ይይዛሉ። እንዲህ ያደጉ እናቶችም ጉዳቱን እያወቁት በልጆቻቸው ላይ ሲደግሙት ተገኙ። በ2009 በወጣው ተከታይ ጥናት፣ ፍቅር መንፈግ ብቻ ሳይሆን ለታዘዘ ፍቅር መጨመርም ዋጋ እንደሚያስከፍል አሳዩ። በኋላም ከያኒቭ ካናት ማይሞን ጋር ሆነው ይኸው ነገር በፍቅረኞች መካከል ግንኙነትን እንደሚጎዳ ጽፈዋል።

ይህ ለአሠልጣኝ ትልቅ ትምህርት ነው። ሥራን ማመስገንና ፍቅርን በደመወዝ መልክ መክፈል አንድ አይደሉም። «የተስማማነውን ስለፈጸምክ ደስ ብሎኛል» ሥራውን ያመሰግናል። «ዛሬ ስለታዘዝክ እወድሃለሁ» ግን ነገ ባይታዘዝ ምን እንደሚመጣበት ያስፈራራዋል። ለሦስት ቀን የሚዘልቅ ኩርፊያ ከማንኛውም የተስማሙበት ቅጣት የከፋ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ መጨረሻው አይታወቅም፣ ማቆሚያ ቃልም አይሠራበትም።

ሁለተኛው ነገር የሽልማት አሰጣጥ ነው። ፈርስተርና ስኪነር በ1957 ባወጡት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማት ያስተማረውን ልማድ ማጥፋት እጅግ ከባድ ነው። በሙከራው ያለችው ርግብ ፍሬው ከቆመ በኋላም በመንቆሯ ታንኳኳለች፤ ቁማርተኛም ከማሽኑ የማይለቀው በዚሁ ሕግ ነው። ካናዳውያኑ ደተንና ፔይንተር በ1981 ይህን ወደ ትዳር አመጡት። የምትደበደብ ሴት ከደብዳቢዋ ጋር የምትታሰረው፣ ጭካኔውና ርኅራኄው ባልታወቀ ሰዓት እየተፈራረቁ ስለሚመጡ፣ ኃይሉም በአንድ ወገን ስለተከማቸ ነው አሉ። ስለዚህ «ይጠብቅ፣ ይምጣ አይምጣ አይወቅ» የሚለው ዘዴ ታዛዡን አጥብቆ ቢያስርም፣ ማሰሩ ብቻውን የጤና ምልክት አይሆንም።

ሦስተኛው ቅጣት ነው። ግኒዚና ሩስቲኪኒ በሃይፋ በአሥር መዋእለ ሕፃናት ያደረጉት ሙከራ በ2000 ታትሟል። ልጁን ለመውሰድ የሚያረፍድ ወላጅ 10 ሼቄል እንዲከፍል ሲደረግ አርፋጁ ቀነሰ? አልቀነሰም፤ ወደ እጥፍ ገደማ አደገ። ቅጣቱ ሲነሣም ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ቅጣቱ ከመምጣቱ በፊት ወላጆቹን የሚይዛቸው ለአስተማሪዋ ያላቸው ይሉኝታ ነበር። ከተቀጡ በኋላ ዋጋውን የከፈሉ መሰላቸው። በቤት ውስጥም ቅጣት ሲበዛ መተሳሰቡን ይተካዋል።

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

ባልና ሚስቱ ተመለሱ። ያነበብኩትን ሁሉ ሳይሆን የሚጠቅማቸውን ነገርኳቸው።

በመጀመሪያ፣ ደንቡ ጥቂትና ግልጽ ይሁን። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር፤ ሊፈጸም የሚችል፣ መፈጸሙም የሚታይ። «ጥሩ ሁን» ደንብ አይደለም፤ ማንም ሊፈጽመው አይችልም፣ ማንም ሊቀጣበት ይችላል። ሁለተኛ፣ ምስጋናው ለሥራው ይሁን፣ ፍቅሩ ግን ከድርድሩ ውጭ ይቀመጥ፤ ደንብ በተጣሰበት ቀንም እራት አብሮ ይበላ። ሦስተኛ፣ ሁለቱም እኩል ሆነው የሚቀመጡበት ቋሚ ሰዓት ይኑር። በዚያ ሰዓት አዛዥም ታዛዥም የለም፤ ስምምነቱ ይነበባል፣ የሚወጣው ይወጣል፣ የሚገባው ይገባል። አራተኛ፣ ገንዘብ፣ ስልክ፣ ዘመድ፣ ጓደኛና ሐኪም ከስምምነቱ ውጭ ይሁኑ። መውጫ የሌለው ሰው እሺታው ምን ያህል የእሱ እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም፣ እሱ ራሱም ቢሆን።

እሱ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «የማቆሚያ ቃሉን እስካሁን ተጠቅሜበት አላውቅም። ይህ ጥሩ ምልክት አይደለም?»

«ሊሆን ይችላል» አልኩት። «ወይም ብትጠቀምበት ቅር እንዳትልብህ ፈርተህ ይሆናል። ለይቶ ማወቂያው መሞከር ነው። ምንም ሳይከብድህ፣ በቀላል ነገር ላይ ተናገረው። ከዚያ ሁለታችሁም ምን እንደተሰማችሁ ተነጋገሩ።»

እሷ ወዲያው ወደ እሱ ዞረች። «እኔ እኮ እንድትለው ስጠብቅ ነው የኖርኩት» አለችው። «ዝም ስትል እስከ የት እንደምሄድ አላውቅም፤ እፈራለሁ።»

በእርግጥ የሚሰማና የሚጨነቅ አዛዥ ከታዛዡ ባልተናነሰ ጥበቃ ያስፈልገዋል። ሁሉን የሚያውቅ መስሎ መታየት ከባድ ሸክም ነው። ታዛዡ እምቢ ሲል አዛዡም ያርፋል፤ ድንበሩን ብቻውን እንዲገምት አይገደድምና።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

የሲግድ በዓል። በሌሊት ከቤርሼቫ በአውቶቡስ ተነሥተን ኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሃነጺቭ ደረስን። ቄሶቹ ጥላቸውን ዘርግተው ኦሪቱንና የነህምያን መጽሐፍ አነበቡ። ሕዝቡ ጾሞ ቆመ፣ ሰገደ፣ አለቀሰ። አክስቴ ነጭ ለብሰው ከፊት ነበሩ። ከ2008 ጀምሮ በዓሉ በሕግ የታወቀ የአገር በዓል ነው፤ አባቶቻችን ግን በጎንደር ተራሮች ላይ ከዚያ እጅግ ቀድመው ሲያከብሩት ኖረዋል።

ቅዱሱን ከሰዎች ጓዳ ጋር አላስተካክልም። ግን የበዓሉን ሥርዓት እያየሁ አንድ ነገር አሰብኩ። ቃል ኪዳኑ በሲና አንድ ጊዜ ተሰጥቷል፤ የተሰጠውም ለዘላለም ነው። ሆኖም ሕዝቡ በየዓመቱ ተራራ ይወጣል፣ ሕጉ በጆሮው ይነበብለታል፣ በራሱ አፍ ደግሞ ይቀበለዋል። አባቶች ገብተውበታል ተብሎ አልታለፈም። ለፈጣሪ የሚሰጥ መታዘዝ እንኳ በየዓመቱ ተነብቦና ታድሶ የሚሰጥ ከሆነ፣ ሰው ለሰው የሚሰጠው መታዘዝ አንድ ቀን በተባለ እሺ ዕድሜ ልክ ሊጸና አይችልም። ወላጆቻችን ትዳር ሲያጸኑ ይህን ጥበብ ወደ ቤታቸው ቢያስገቡት ምንኛ በጠቀመ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጾሙ ሲፈታ ዳቦው ተቆርሶ ታደለ። አክስቴ የራሳቸውን ቁራሽ ለሁለት ከፍለው ሰጡኝ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 25

ዛሬ በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃት የሚታሰብበት ዓለም አቀፍ ቀን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት በ1999 የሰየመው። በማኅበረሰብ ማዕከሉ ስብሰባ ነበረን። አንድ አባት ተነሥተው «አሁን ደግሞ መታዘዝን ታስተምራላችሁ አሉ፤ እኛን ስትከሱበት የኖራችሁትን» አሉ። ጥያቄያቸው በንቀት ሊታለፍ የሚገባው አልነበረም።

ለእርሳቸው የመለስኩትን እዚህ አስቀምጠዋለሁ። «አባባ፣ ያኔ የተከሰሰው መታዘዙ ብቻ አይደለም፤ እምቢ ማለት ያልተቻለበት መሆኑ ነው» አልኳቸው። ኤቫን ስታርክ በ2007 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ አንዳንድ ቤት ውስጥ ዱላ ሳይነሣ ሰው ይታሰራል፤ ገንዘቡ ይቆጠርበታል፣ ስልኩ ይፈተሻል፣ ዘመዱ ይከለከላል፣ አለባበሱ ይመረመራል። እንግሊዝ ይህን በ2015 ወንጀል አድርጋዋለች። ከውጭ ሲታይ ከእነዚያ ጥንዶች ደንብ ጋር ሊመሳሰል ይችላል፤ እዚያም ደንብ አለ፣ እዚያም ትእዛዝ አለ። ልዩነቱ የሚገኘው ሰውየው ደንቡን ሲጽፍ ነበረ ወይ፣ ሊያርመው ይችላል ወይ፣ ሲተወውስ ሳይጎዳ ይወጣል ወይ የሚለው ላይ ነው። ደብዳቢ ሁሉ «ተስማምተን ነው» ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ቃሉን ብቻ አንሰማም። በስምምነት የሚኖሩትንም በደብዳቢ ስም አንጠራም፤ ያ ተደብቀው እንዲኖሩ ከማድረግ በቀር ማንንም አይጠብቅም።

አባትየው ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ከውጭ ያለ ሰው በምን ይለያል?» አሉ።

እኔ በምክር ክፍሌ የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ለማንኛውም ባልና ሚስት አቀርበዋለሁ፣ መሪ ተባባሉም አልተባባሉም። «ለመጨረሻ ጊዜ እምቢ ያላችሁት መቼ ነው? በማግስቱስ በቤታችሁ ምን ሆነ?» አንዳንዶች ወዲያው ያስታውሳሉ፣ ይተራረማሉ፣ ይሳሳቃሉ። አንዳንዱ ግን ከመመለሱ በፊት የሌላውን ፊት ያያል። ያን ጊዜ ንግግሩን አቆማለሁ፣ ለየብቻ እንድናወራ እጠይቃለሁ፤ የማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስቴሩን የ118 ስልክም ለሁለቱም በእኩል እሰጣለሁ፣ ማን እንደሚያስፈልገው ከፊት ማወቅ ስለማይቻል።